ደህና ነኝ ያለው ሃምሳ አለቃ

«ውሃው ዛሬም ሞልቷል» አሉ እትዬ ሰብለወንጌል፣ ከጓሮ ተመልሰው ፍራሹ ጠርዝ ላይ እየተቀመጡ። «ሁለቱም በርሜል፣ እስከ አፉ።»

«የዕድሩ ልጆች ቀድተውት ይሆናላ» አለች ከበሩ አጠገብ ያለችው ሴት።

«የዕድሩ ልጆች! እነሱ የጠጡበትን ብርጭቆ ያነሱ ዕለት እኔም ቄስ እሆናለሁ።»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። ሃምሳ አለቃ ስለሺ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በሠልስት ትንሽ ሳቅ ነውር አይደለም፤ ሐዘንተኛዋ ትንፋሽ እንድትወስድ ተብሎ የሚደረግ በጎ ሥራ ነው።

ሚስቱ ውድነሽ ግን አልሳቀችም። ውሃውን ማን እንደሚቀዳው ታውቃለች። ሦስቱንም ንጋት፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ አንድ ጎማው የሚያቃስት የአህያ ጋሪ ጓሮ በር ላይ ሲቆም፣ ጀሪካን ሲገለበጥ፣ ከዚያ ጋሪው እያቃሰተ ሲመለስ ተኝታ ሰምታለች። በሰፈሩ እንዲህ የሚያቃስት ጋሪ አንድ ብቻ ነው፤ የባቢከር። «ዘይት ቀባው እንጂ ጆሯችንን አጠፋኸው» ሲሉት «ካልጮኸ አህያው ይተኛል» ብሎ የሚመልስ ሰው ነው።

ባቢከር ከቀርከሃው አጥር ማዶ ያለ ጎረቤት ነው። ከዚያም በላይ ነው። የስለሺ ወላጆች በሰፈራው ዘመን ከወሎ ሲመጡ ስለሺ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር። ያኔ የባቢከር አባት የአገሬው የበርታ ሕዝብ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከመኪና ለወረደው ርሃብተኛ በአህያ ማንጎ ጭነው መጡ። ለስለሺ ማንጎ ያቀበለው ባቢከር ነው፤ እኩያው ነበር። ስለሺ ማንጎ አይቶ ስለማያውቅ ከነልጣጩ በላው። ሲያድግም፣ ወታደር ሲሆንም፣ ለፈቃድ ሲመጣም ባቢከር ይህንን ሳያነሳበት ቀርቶ አያውቅም። «ከነልጣጩ!» ይልና ከት ብሎ ይስቃል።

ይኸው ሰው አሁን ጎህ ሲቀድ ውሃ ቀድቶ፣ ድንኳኑን በሩቁ አይቶ ይመለሳል። አይገባም። ሚስቱ ብኸይታ ጠዋት ማታ ትመጣለች፤ ሳህን ታጥባለች፤ ከሴቶቹ ጋር ትቀመጣለች። እሱ ግን በቀብሩም ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ዛፍ ሥር ለብቻው ቆሞ ነበር የታየው።

ድንኳኑ ማንጎው ሥር ተተክሏል። ወንዶቹ በሚቀመጡበት በኩል፣ መግቢያው ላይ የሟች ወንድም ወይም ልጅ የሚቀመጥበት ወንበር አለ፤ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ጎንበስ የሚለው ለእሱ ነው። ስለሺ ወንድም የለውም። እግዚአብሔር ልጅም አልሰጣቸውም። ወንበሩ ባዶውን ነው። ለቅሶ ደራሹ ይገባል፣ ዓይኑ ወንበሩን ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ ለማን ጎንበስ እንደሚል ግራ ይገባውና አንገቱን ሰብሮ ወደ ዳር ይሄዳል። ውድነሽ ይህንን ከፍራሿ ላይ ሆና ሦስት ቀን አየች።

በሰባተኛው ቀን ድንኳኑ ይነሳል። እስከዚያ ባቢከር ካልገባ መቼም አይገባም። በሐዘን ያልተሻገሩት አጥር በሌላ ቀን አይሻገሩትም። አላስገባ ያለው ደግሞ የእሷ ቃል መሆኑን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ወይም እሷ እንዲያ ይመስላት ነበር።

* * *

ስለሺ ሃያ ሁለት ዓመት አገልግሏል። በሽታው የጀመረው ጦር ሰፈር እያለ፣ በአፍንጫ ደም ነው። ነስር ነው ተባለ። ቀጥሎ ሳይመታ ጭኑ ላይ ይበልዝ ጀመር፤ የራሱን ጥላ የሚሸከም ጉልበት አጣ። አዲስ አበባ ልከው ሲያስመረምሩት የደም ካንሰር ሆኖ ተገኘ።

ሕክምናው ላይ ሳለ የሐኪሞች ቦርድ አየውና የጉዳቱን መጠን መቶ በመቶ ብሎ ጻፈለት፤ ጡረታው የሚታሰበው በዚህ ልክ ነው። ያን ቀን ለውድነሽ ደወለላት።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አላት።

«ምን ተገኘ?»

«በትምህርት ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ፈልጌ ያጣሁትን መቶ ከመቶ በበሽታ አገኘሁት።»

እሷ አለቀሰች፤ እሱ በስልክ ውስጥ ሳቀ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ወርቅ ስጠው አፈር፣ «ተመስገን» የሚለው ከእጁ ቀድሞ ይዘረጋል። እናቱ «ተመስገን ያላለ አፍ ጉሮሮው ይጠባል» እያሉ ነው ያሳደጉት።

ዓመት ከመንፈቅ ሕክምናውን ተከታትሎ ከሠራዊቱ ተሰናበተና አሶሳ ገባ። ሐኪሞቹ በሽታው ለጊዜው ተኝቷል ብለውታል። በሽታ ሲተኛ ደግሞ መቶው እንዳለ አይቆይም፤ ቦርዱ እንደገና ጠርቶ በሰውየው ላይ ምን ጉዳት እንደተረፈ ይለካል። የተረፈው ብዙ ነበር። ከአልጋ እስከ ማንጎው ዛፍ ሄዶ ሁለት ጊዜ ያርፋል። ደሙ በየወሩ ይወርዳል፤ ልኩ ሰባት ተኩል ሲሆን ከንፈሩ አመድ ይመስላል፤ ያኔ ሆስፒታል ይገባና ደም ይሰጡታል፤ ለሁለት ሳምንት ሰው ይመስላል፤ ከዚያ እንደገና ይወርዳል።

የጥሪው ደብዳቤ የደረሰው እንዲህ እያለ ነው።

* * *

አራተኛው ቀን ላይ ብኸይታ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ሠርታ መጣች። ዕድሩ ክርስቲያኑም እስላሙም ያለበት ስለሆነ በሐዘን ሥጋ አይቀርብም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ እንዲህ እንዲህ ያለው ነው፤ ማንም ከማንም ጋር እንዲበላ። ብኸይታ አንዱን ጉርሻ ጠቅልላ ወደ ውድነሽ አፍ አስጠጋች።

«ብላ» አለቻት። በበርታ ቋንቋ አፏን የፈታች ሴት ናት፤ በአማርኛዋ ውስጥ ሴት የለም፤ ሁሉም ሰው «አንተ» ነው። ባቢከርም እንደዚያው ነው። ስለሺ «እኔ ሃምሳ አለቃው ቁጭ ብዬ ወንዱ እሷ ሆነች» እያለ ያሾፍበት ነበር።

ውድነሽ ጎረሰች። ዋጠች። ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ ስሙን ማውጣት አቃታት።

«እሱ... እንዴት ነው?»

«ደህና። አልሐምዱሊላህ» አለች ብኸይታ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንቅልፍ የለም። በልቶም የለም።»

ከወዲያ ማዶ ሁለት ሴቶች ጆሯቸው ቆሟል። አንዷ ለሌላዋ በሹክሹክታ «እኔ እኮ ባቢከር ለምን እንዳልገባ ነው የሚገርመኝ። ተጣልተው ይሆን?» ስትል ተሰማት።

እትዬ ሰብለወንጌል ሰሟት። «አንቺ፣ ንፍሮሽን ቆርጥሚ» አሏት። «የሰው አጥር ቀዳዳ ስትፈልጊ የራስሽ ዶሮ ወጣች።»

* * *

ቦርዱ ሊያየው በተጠራ ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ተነሳ። ትልቅ ሰው ፊት የሚቀርብ ሰው አምሮ ነው መቅረብ ያለበት፤ ሌላ ሐሳብ ለማንም አልመጣለትም። ውድነሽ ሸሚዙን በስታርች አጥባ፣ ክንዱ ላይ ያለው እጥፋት እንጀራ እስኪቆርጥ ድረስ ተኮሰችው። ከባምባሲ የመጣው የጦር ጓደኛው አስር አለቃ ለሜሳ ጺሙን ላጨው፤ ጫማውን ጠረገለት። እትዬ ሰብለወንጌል «ፊቱ ነጥቷል፤ ሰው ምን ይላል» ብለው ግንባሩን በቅቤ ወልወል አደረጉት።

ባቢከር ደግሞ ደሙን ሰጠ። የደም ዓይነታቸው አንድ ነው። «እዚያ ወድቀህ እኛን ታሳፍራለህ፤ ጠጣ!» አለው፣ ደም ሻይ ይመስል። አንዱ ከረጢት የባቢከር፣ ሁለተኛው ከደም ባንኩ፣ ሐሙስ ዕለት ተሰጠው። ዓርብ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ተነሱ። ሰኞ ጠዋት ስለሺ ቦርዱ ፊት ሲቆም ጉንጩ ቀልቶ፣ ዓይኑ በርቶ፣ ሙሽራ መስሎ ነበር።

ውድነሽ ኮሪደር ላይ ቆየች። ውስጥ የሆነውን የነገራት እሱ ነው።

ሰብሳቢው ሐኪም ትሑት ሰው ነበሩ። ቀና ብለው አዩትና «እንዴት ነህ፣ ሃምሳ አለቃ?» አሉት።

ስለሺ ተረከዙን አጋጨ። «እግዚአብሔር ይመስገን! ደህና ነኝ ጌታዬ!»

«ምግብ ይበላልሃል?»

«ተመስገን!»

«ትሄዳለህ? ትሠራለህ?»

«ተመስገን፣ ምን ጎደለብኝ!»

ሌላ ምን ይበል? «ደህና አይደለሁም» የሚባለው ለማን ነው? አልጋ ላይ የወደቀ ሰው እንኳን «እንዴት አደርክ» ሲሉት «ተመስገን» ብሎ ነው ሕመሙን የሚያወራው። ሐኪሙ ግን የጠየቁት ለሰላምታ አልነበረም፤ መልሱን ጻፉት። ያን ዕለት የተለካው ደሙም ዘጠኝ ተኩል አለ። የደም መሰጠቱ ወረቀት ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ማንም አላሰበም፤ አሶሳ፣ ሆስፒታሉ መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ውጤቱ ተሰጠ፤ ሠላሳ በመቶ።

አውቶቡሱ ውስጥ ስለሺ መስኮቱን ተደግፎ የሚያልፈውን መንገድ ያይ ነበር። ነቀምት ሲደርሱ «ተመስገን» አለ። ውድነሽ በትዳር ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህ ቃል አስጠላት።

* * *

ባቢከር ረቡዕ ማታ በአጥሩ ክፍተት ሾልኮ መጣ። ክፍተቱን ያበጁት እሱና ስለሺ ናቸው፤ ሁለት ቀርከሃ ነቅለው፤ «በር ለእንግዳ ነው» ብለው። በእጁ ማንጎ ይዟል። ስለሺ ውስጥ ክፍል ተኝቷል። ውድነሽ ደጅ ላይ የመንገዱን ልብስ ታጥባለች።

«እህቴ፣ ደህና ገባህ?» አላት በፈገግታ። «ደሜ እንዴት ነው? ሠራ?»

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ውድነሽ ሰባት ወር ሙሉ በጆሮዋ ስትሰማው ኖረች።

«ሠርቷል!» አለችው። «አንተን መርምረው፣ አንተን ደህና ነህ ብለው መለሱን! መቶውን ሠላሳ ያደረገው ያንተ ደም ነው። ባትሰጠው ይሻለን ነበር!»

ባቢከር ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ማጥፋቱን የረሳ መሰለ። ማንጎዎቹን አንድ በአንድ ድንጋዩ ላይ ደረደራቸው። «እሺ» አለ። «እሺ፣ እህቴ።» በክፍተቱ ተመልሶ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ክፍተት ሲገባ አላየችውም።

ይቅርታ ልትጠይቀው በየቀኑ አሰበች። በየቀኑም አንድ ነገር መለሳት፤ አንዳንዴ ቁጣዋ፣ ብዙ ጊዜ ሀፍረቷ። ስለሺ «ባቢከር ጠፋ፤ ምነው?» ብሎ ሲጠይቅ «መንጌ ወረዳ ሄዷል፤ ወርቅ ሊያጥብ» አለችው። ለማንም ዋሽታ የማታውቅ ሴት በዚህ ዋሸች። ስለሺ ደግሞ በየሳምንቱ ይጠይቃል።

«ባቢከር አልተመለሰም?»

«መንጌ ነው።»

«አይ ጥሩ» ይላል፤ ዓይኑን ጨፍኖ። «ወርቅ ይዞልን ይመጣል።»

ተኝቶ የነበረው በሽታ መጋቢት ላይ ነቃ። ከዚያ በኋላ የቆየው አምስት ሳምንት ነው። በመጨረሻው ቀን ከንፈሩን በጥጥ ታረጥብለት ነበር። «ውድነሽ» አላት። «ባቢከር ሲመጣ በደንብ አስተናግጂው።» እሷ እሺ አለች። ስለ መንጌው ውሸት አልተናዘዘችለትም። በማግስቱ ጠዋት አረፈ። እሷን ከቀብሩ አፈር ይልቅ የከበዳት ይኸው ነው፤ ጓደኛውን እየጠበቀ፣ በእሷ ውሸት ተታሎ መሞቱ።

ስለዚህ ሰው «አይዞሽ፣ እንዴት ነሽ?» ሲላት ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች። «ተመስገን» ማለት አልቻለችም። ቃሉ የባሏን መቶ ያስቀነሰባት ቃል ነው። ለእግዚአብሔርም ቢሆን ልትሰጠው ጉሮሮዋ እምቢ አለ።

* * *

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አስር አለቃ ለሜሳ ባዶው ወንበር አጠገብ ካለው አግዳሚ ተነስቶ ወደ ሴቶቹ በኩል መጣ። ኮፍያውን እያዞረ ቆመ።

«እህቴ፣ ለብቻሽ አንዴ።»

ወደ ውስጥ ክፍል ገቡ። ከኪሱ በላብ የረጠበ ፖስታ አወጣ።

«ይቅር በይኝ። ይህ የደረሰኝ ሰኞ ነው፤ ሬሳው ከመውጣቱ በፊት። በዚያ ቀን እንዴት ብዬ ልስጥሽ? በሠልስቱም አቃተኝ። አሁን ግን ነገ ድንኳኑ ይነሳል፤ እኔም ወደ ባምባሲ ልመለስ ነው።»

«ምንድነው?»

«ስለሺ ይግባኝ ብሎ ነበር። እኔ ነኝ ያደረስኩለት። መልሱ ነው።» ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። «ቦርዱ ጉዳዩን እንደገና ሊያየው ተቀብሏል። ‘በአካል ይቅረቡ’ ይላል። ምን ልበልሽ... ሰውየውማ ከዚህ የባሰ ቦርድ ፊት ቀርቧል።»

«እዚያስ አይሳሳቱም» አለች ውድነሽ። ሳታስበው ነው የወጣት።

«አይሳሳቱም» አለ ለሜሳ። «እኔ ግን አልተውም። ሰው ቢያርፍም በፋይሉ የሚታይበት መንገድ አለ ብለውኛል። አርባውን አውጥተሽ ፊርማሽን ትሰጪኛለሽ፤ ሌላውን እኔ እሮጣለሁ። መልሱ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ብቻ የታመመው ታሞ እንደነበር ይጻፍለት።»

እሱ ሲወጣ ወረቀቶቹን ዘረጋች። ከደብዳቤው ጋር የይግባኙ ቅጂ ተያይዟል። የስለሺ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ በሠራዊቱ የራዲዮ መልእክት ሲቀበል እንደለመደው ፊደሉን ለየብቻ ያቆመ። ቀኑን አየች። የካቲት ነው። ባቢከር መንጌ ነው እያለች በምትዋሽበት የካቲት። እሱ የጻፈው እንዲህ ይላል፤

«ክቡር ቦርዱ ስለ ጤንነቴ ሲጠይቀኝ ‘ተመስገን፣ ደህና ነኝ’ ብዬ መመለሴ እውነት ነው። ቃሉ ግን የምስጋና ቃል እንጂ የሕመሜ ልክ አይደለም። ተመስገን ለፈጣሪ የምሰጠው ነው፤ ለሐኪም ደግሞ ሕመሜን መስጠት ነበረብኝ። አላወቅሁም። በዕለቱ የተለካው ደምም የእኔ ብቻ አልነበረም። ከአራት ቀን በፊት ጎረቤቴ ባቢከር ሰጥቶኝ ነው፤ የደም ባንኩ ማስረጃ ተያይዟል። ስለዚህ ቦርዱ የመረመረው የእሱን ጤንነት ነው። እሱ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ፍጹም ጤነኛ ነው።»

ግርጌው ላይ ሁለት ፊርማ አለ። አንዱ የስለሺ። ሌላው በዓረብኛ ፊደል፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ የባቢከር።

ውድነሽ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አንተን መርምረው።» የእሷ ቃል ነው። ተኝቷል ያለችው ሰው አልተኛም ነበር። ከመኝታው ሆኖ በመስኮቱ ሰምቷታል። ጓደኛው ላይ የወረወረችውን ድንጋይ ዝም ብሎ አንስቶ፣ መርዙን አራግፎ፣ ማስረጃ አድርጎ ጻፈው። ለእሷም አንድ ቀን እንኳን ሳይገልጥባት «ወርቅ ይዞልን ይመጣል» እያለ ኖረ። ወረቀቱን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ለቅሶ ይህች ናት ብትል አትዋሽም፤ የቀደመው ሁሉ ጩኸት ነበር።

* * *

በሰባተኛው ቀን ንጋት ጋሪው ሲያቃስት ጓሮ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ባቢከር ጀሪካኑን አቅፎ እንዳለ አያትና ደነገጠ። ሐዘንተኛ ከፍራሽ ተነስታ ደጅ አትቆምም።

«እህቴ! ምን ሆነ?»

ወረቀቱን አሳየችው። የራሱን ፊርማ አየና ጀሪካኑን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«መቼ ነው የምትገናኙት የነበረው?» አለችው።

«እሑድ» አለ። «አንተ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ። እኔ በአጥር እገባለሁ። ስለሺ አልጋ ላይ ነው፤ ሻይ እሠራለሁ፤ እናወራለን፤ እንስቃለን። ቅዳሴ ሲያልቅ እወጣለሁ። ወላሂ፣ እንደ ሌባ!» ሊስቅ ፈለገና አልሆነለትም። «ወረቀት ከደም ባንክ አምጣ አለ፤ አመጣሁ። ‘ወርቅ አመጣህ’ አለኝ። ምን ወርቅ እንደሆነ እኔ አላውቅም።»

ውድነሽ አውቃለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ታዲያ ሲሞት... ድንኳን ለምን አልገባህም? እኔን ተቀይመህ?»

«ላ!» አለ፤ እጁን አወናጨፈ። «ቂም የለም። እሱ ነው ያለኝ። ‘ውድነሽ አትንገራት’ አለኝ። ‘ንዴቷ የፍቅር ነው፤ ያልፋል። ራሷ ትጠራሃለች። እስክትጠራህ ጠብቅ፤ ቀድመህ ከገባህ ታፍራለች’ አለኝ። እና ጠበቅሁ። ሞተ፤ እኔ ጠበቅሁ። ቃል ነው። ውሃ ግን... ውሃ አትቅዳ አላለኝም።»

ማንጎው ላይ የመጀመሪያዋ ወፍ ጮኸች። ውድነሽ ልትለው ያዘጋጀችው ብዙ ነበር፤ ሌሊቱን ስትደረድረው አድራለች። ሁሉንም ተወችው።

«ባቢከር» አለች። «ግባ።»

«አሁን?»

«አሁን። ወንበርህ ሰባት ቀን ሙሉ ባዶውን ነው።»

በዋናው በር ሳይሆን ዞራ በአጥሩ ክፍተት መራችው። ድንኳኑ ውስጥ ለሜሳ አግዳሚው ላይ ጋቢ ተከናንቦ ያንኮራፋል። መግቢያው ላይ ያለውን ወንበር በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና አስቀመጠችው። ባቢከር ጉልበቱን ገጥሞ፣ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

ፀሐይ ወጣች። የሰባቱን ጸሎት ሊያደርሱ ቄሱ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር መጡ። በመግቢያው ላይ ዓይናቸው እንደ ልማዱ ወንበሩን ፈለገ፤ ዛሬ አገኘው። ቄሱ አንድ ጊዜ ቆም አሉ። ከዚያ ለባቢከር ጎንበስ ብለው «እግዚአብሔር ያጥናህ» አሉት። ከኋላቸው ያሉት ሽማግሌም «አላህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥህ» አሉ። ቀጥሎ ያለውም ጎንበስ አለ። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው ግራ አልተጋባም። ባቢከር ለሁሉም እየተነሳ፣ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ፣ «አሚን፣ አሚን» አለ።

እትዬ ሰብለወንጌል ከሴቶቹ በኩል አንገታቸውን አውጥተው አዩና «ይኸው የውሃው ነገር ተገለጠ» አሉ።

ምሳ ሲቀርብ ውድነሽ ተነሳች። እጅ ማስታጠብ የሐዘንተኛ ሥራ አይደለም፤ «ተይ፣ እኛ አለን፣ አብሽሪ ልጄ» እያሉ ነጠላዋን ያዟት። ከእጃቸው ቀስ ብላ ወጣች። ከበርሜሉ በፕላስቲክ ጆግ ውሃ ቀዳች፤ ጎህ ሲቀድ እሱ ከሞላው። ሳህኑን ይዛ መጀመሪያ ወደ ባቢከር ሄደች።

ባቢከር የቀኝ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰበሰበ። ከክንዱ እጥፋት ላይ፣ መርፌ ከገባበት፣ የጤፍ ቅንጣት የምታክል ጠባሳ አለች። ውድነሽ አየቻት። ያቺ ከረጢት፣ ያቺ «ባትሰጠው ይሻል ነበር» ያለችው፣ ለስለሺ ስንት ቀን እንደሰጠችው ታስታውሳለች። ከአዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ባሉት ቀናት እስከ ማንጎው ዛፍ ሳያርፍ ሄዶ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ቆሞ፣ በራሱ እጅ፣ አንዲት ማንጎ ቀጥፎላታል።

«ደህና ነህ፣ እህቴ?» አላት ባቢከር ቀስ ብሎ።

ሰባት ቀን ሙሉ ራሷን ብቻ የነቀነቀችለት ጥያቄ ነው።

«ደህና አይደለሁም» አለች።

ጆጉን ዘንበል አደረገች። ውሃው በጠባሳዋ አጠገብ አልፎ በጣቶቹ መካከል ወረደ።

«ደህና አይደለሁም፣ ባቢከር። ተመስገን።»

እጁ ከጠራ ቆየ። ከኋላ ያሉት እጃቸውን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። እሷ ማፍሰሷን አላቆመችም፤ እሱም ጆጉ እስኪያልቅ እጁን አላነሳም።